«አትንገሪያቸው!» አለኝ፤ እኔ ግን ነገርኩ

ጨዋታው ሊያልቅ 20 ደቂቃ ያህል ሲቀረው ነው። ኮርና ተመታ፤ ሁለት ልጆች ለአንድ ኳስ ዘለው በቴስታ ሊመቱ ሲሉ ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጩ። ድምፁ እኔ የቆምኩበት የሜዳ ዳር ድረስ ተሰማ። የተጋጣሚው ልጅ ግንባሩን ይዞ ወዲያው ተነሳ። የእኛው ሰባት ቁጥር ግን ትንሽ ቆየ። ከዚያ ተነስቶ ቁምጣውን አራገፈና ኳሱ ወደሌለበት አቅጣጫ መሮጥ ጀመረ።

ኳሱ ውጭ ሲወጣ ውሃ ይዤ ጠጋ አልኩት። ሥራዬ ያው ነው፤ ውሃ ማቀበል፣ ፋሻና በረዶ መያዝ፣ ያየሁትን መናገር። «ደህና ነህ?» አልኩት በእንግሊዝኛ። እሱ በአማርኛ መለሰልኝ። ሜዳው ላይ ካለነው ውስጥ አማርኛ የምንችለው እኔና እሱ ብቻ ነበርን።

«መብራቱ ዓይኔን አስቸገረኝ። ስንት ለስንት ነን?»

ዝም ብዬ አየሁት። ከአምስት ደቂቃ በፊት ጎል ያገባው ራሱ ነው። ፊቴን ሲያየው ገባው መሰለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለኝ፦ «በናትሽ አትንገሪያቸው። አባቴ ከሥራ አስፈቅዶ መጥቷል። ከኮሌጅ የመጣው ሰውዬም እያየኝ ነው።»

የዚህን ታሪክ መጨረሻ ከመንገሬ በፊት ግን አንዲት የጉለሌ ልጅ ውሃና ፋሻ ይዛ አሜሪካ ሜዳ ዳር ምን ልታደርግ እንደቆመች ላጫውታችሁ።

ስሙ ያሳሳተኝ ትምህርት

በ14 ዓመቴ ነው ከአዲስ አበባ ወደ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሄድኩት። እዚያ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከግዴታ ትምህርቶቹ ሌላ ራሱ የሚመርጣቸው አሉ። 10ኛ ክፍል ስገባ ዝርዝሩ ላይ «ስፖርትስ ሜዲሲን» የሚል አየሁ። እውነቱን ለመናገር «ስፖርት» የሚለውን እንጂ «ሜዲሲን» የሚለውን ልብ አላልኩትም። እንግሊዝኛዬ ገና ስለነበር ብዙ የማይወራበት ክፍል ነበር የምፈልገው። ኳስ ሊያጫውቱን ነው ብዬ ስኒከሬን አድርጌ ሄድኩ።

በሩ ላይ የተቀበለኝ የተንጠለጠለ አጽም ነው። ምን ልበላችሁ፣ ልመለስ ምንም አልቀረኝም።

መምህራችን የትምህርት ቤቱ «አትሌቲክ ትሬነር» ናቸው። ስሙ አሰልጣኝ ይምሰል እንጂ ሥራቸው ማሠልጠን አይደለም። የስፖርተኛን ጉዳት መከላከል፣ ሲደርስ ማወቅ፣ የመጀመሪያውን እርዳታ መስጠትና እስኪድን መከታተል ነው። አሜሪካ ውስጥ ዛሬ ወደዚህ ሙያ የሚገባ ሰው ማስተርስ ዲግሪ ያስፈልገዋል። እኛ ተማሪዎቹ ደግሞ በእሳቸው ሥር የምንሠራ ረዳቶች ነን። መመርመር አንችልም፤ «ተመልሰህ ተጫወት» የማለት ሥልጣንም የለንም።

የመጀመሪያው ቀን ሦስት ነገር ሰሌዳ ላይ ጻፉ። ጓንት ሳታደርጉ ደም አትንኩ። የማታውቁትን አታድርጉ። ያያችሁትን አትደብቁ። ሦስተኛው ቀላል መስሎኝ ነበር። ከሁሉም የከበደኝ እሱ ሆኖ ተገኘ።

የሰፈራችን ወጌሻዎች

በእኛ አገር የእግር ኳስ ቋንቋ ተጫዋች ሲወድቅ ቦርሳ ይዞ ሮጦ የሚገባው ሰው «ወጌሻ» ይባላል። ስያሜው አጥንት ከሚጠግኑት የባህል አዋቂዎች የተወሰደ ነው። ሰፈር ሜዳ ላይ ግን ሁሉም ሰው ወጌሻ ነው። አይደል እንዴ? አንዱ ይጎትታል፣ አንዱ ያሻል፣ አንዱ ቀዝቃዛ ውሃ ይደፋል፣ የቀረው ደግሞ ከዳር ሆኖ «ቻለው! ወንድ አይደለህ እንዴ!» ይላል።

ታላቅ ወንድሜ በልጅነቱ ቁርጭምጭሚቱ ዞሮበት እንዲሁ ነው የሆነው። ጎተቱት፣ አሹት፣ በማግስቱ ተጫወተ፣ «ጀግና» ተባለ። ዛሬ ትልቅ ሰው ነው፤ ደረጃ ሲወርድ ያ እግሩ አሁንም ይከዳዋል።

ለምን እንደሚከዳው የገባኝ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ያ አጽም ያለበት ክፍል ውስጥ ነው። ቁርጭምጭሚት ሲዞር አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት ይለጠጣል ወይም ይቀደዳል። ገና ትኩስ እያለ ሲታሽ ደም መፍሰሱና እብጠቱ ይብሳል። ሳይድን ሲሮጥበት ደግሞ ጅማቱ ልል ሆኖ ይቀራል፤ እግሩም ደጋግሞ መዞር ይለምዳል።

አንድ ጠቃሚ መለያም ተማርን። የካናዳዋ ኦታዋ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1992 ይፋ ያደረጉት ነው። የተጎዳው ሰው በዚያው እግር አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ ወይም የቁርጭምጭሚቱ ጉብታ አጥንት የኋላ ጠርዝ ሲነካ ካመመው ስብራት ሊሆን ስለሚችል ራጅ መነሳት አለበት። አራት እርምጃ ብቻ። ይህንን ለማወቅ ምንም መሣሪያ አያስፈልግም።

ማሰርም ሕግ አለው። ፋሻ ካሰራችሁ በኋላ ጣቶቹን ታያላችሁ። ቀለማቸው ከተቀየረ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ከደነዘዙ ወዲያው ታላላላችሁ። አገር ቤት አጥብቆ የታሰረ ቀርከሃ ደም እየከለከለ ሊድን ይችል የነበረ እግርና እጅ እስከማስቆረጥ የደረሰበት ጊዜ አለ። ይህን የምለው ወጌሻዎችን ለመናቅ አይደለም፤ የብዙዎቻችንን ቤተሰብ ረድተዋል። ዘመናዊው ሕክምናም ቢሆን ራሱን ያርማል። «ዕረፍት፣ በረዶ፣ ማሰር፣ ከፍ ማድረግ» የሚለውን ዝነኛ ምክር እ.ኤ.አ. በ1978 ያስተዋወቁት አሜሪካዊው ሐኪም ጌብ ሚርኪን፣ በ2014 በረዶና ሙሉ ዕረፍት ፈውስን ሊያዘገዩ እንደሚችሉ ራሳቸው ጽፈዋል። በረዶ ሕመም ያስታግሳል፤ ያድናል ማለት ግን አይደለም። የራስን ምክር እንዲህ በአደባባይ ማረም እኔን ከምክሩ በላይ ነው ያስተማረኝ።

ልብ ሲቆም፣ ሰውነት ሲግል

ኤሪክሰንን የማያስታውስ አለ? እ.ኤ.አ. ሰኔ 12 ቀን 2021፣ ዴንማርክ ከፊንላንድ። ማንም ሳይነካው ወደቀ። አምበሉ ሲሞን ኬር ደርሶ አጠገቡ ነበር፤ ከዚያ የሕክምና ቡድኑ ደረቱን ተጫነ፣ ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስነሳውን ኤኢዲ የተባለ መሣሪያ ተጠቀመ። ልጁ ተረፈ፤ በዓመቱ የማንቸስተር ዩናይትድን መለያ ለበሰ።

እኛ ክፍል ውስጥ ያንን ነው በፕላስቲክ አሻንጉሊት የተለማመድነው። ደረቱ መሐል ላይ ሁለት እጅ ደራርቦ፣ ክንድ ሳይታጠፍ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን። በፊልም የምናየው ቀላል ነገር ነው። በእውኑ ግን ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ላቤ አሻንጉሊቷ ላይ ተንጠባጠበ። መምህራችን ደግመው ደጋግመው የነገሩን ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ሳይነካ የወደቀ ተጫዋች ካልመለሰላችሁና በደንብ ካልተነፈሰ «ደክሞት ነው» አትበሉ፤ ልቡ ነው ብላችሁ ጀምሩ። የሚያንኮራፋ የሚመስል የተቆራረጠ ትንፋሽም መተንፈስ አይደለም። ሁለተኛው፣ ምንም ሳይደረግ በሚያልፈው በእያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድሉ ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። አምቡላንስ እስኪደርስ ያለው ጊዜ አጠገብ የቆመው ሰው ነው።

ሌላው በጣም የነካኝ የጆርዳን መክኔር ታሪክ ነው። ከትምህርት ቤታችን ብዙም በማይርቀው በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋች ነበር። እ.ኤ.አ. ግንቦት 29 ቀን 2018 በልምምድ ላይ ሲሮጥ ሰውነቱ ከመጠን በላይ ጋለ። በቀዝቃዛ ውሃ ሳይነከር ቀረ። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በ19 ዓመቱ አረፈ። ዩኒቨርሲቲው ኃላፊነቱን በይፋ ተቀበለ፤ በ2021 ደግሞ የሜሪላንድ ግዛት በስሙ ሕግ አወጣ።

ከዚህ የተማርነው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ መጀመሪያ አቀዝቅዝ፣ ከዚያ አጓጉዝ። በሙቀት ሲሮጥ የነበረ ሰው መቀባጠር፣ መንገዳገድ ወይም ራሱን መሳት ከጀመረ የውስጥ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ አልፎ ሊሆን ይችላል። አምቡላንስ እየተጠራ፣ አምቡላንሱ ሳይጠበቅ፣ ሰውየውን በቀዝቃዛ ውሃ መንከር ነው፤ ጭንቅላቱን ከውሃው በላይ ይዞ። ገንዳ ከሌለ በባልዲ እየደጋገሙ ማፍሰስ፣ እርጥብ ጨርቅ እየቀያየሩ ማልበስ። ድሬዳዋ፣ ጋምቤላ ወይም ሰመራ ኳስ የምትጫወቱ ልጆች፣ ይህቺን ያዙልኝ።

ደም የሌለው ጉዳት

አሁን ወደ ሰባት ቁጥር ልመለስ።

ኮንከሽን፣ ማለትም የአንጎል መናወጥ፣ ደም የለውም፤ አብዛኛውን ጊዜ ራስ መሳትም የለውም። ጭንቅላት ሲመታ አንጎል ራስ ቅል ውስጥ ይናጣል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ብርሃን መጥላት፣ መፍዘዝ፣ አሁን የሆነውን መርሳት ነው። አንጎሉ ሳያገግም ሁለተኛ ከተመታ፣ አልፎ አልፎ ቢሆንም፣ አብጦ ሊገድል ይችላል።

በክፍላችን የዛከሪ ሊስቴትን ታሪክ ተምረናል። በአሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ በምትገኘው የዋሽንግተን ግዛት፣ እ.ኤ.አ. በ2006፣ የ13 ዓመት ልጅ ሳለ ጭንቅላቱ ተመታ፤ ትንሽ አርፎ ተመልሶ ተጫወተ። ከጨዋታው በኋላ ወደቀ። አንጎሉ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ለወራት መናገር አልቻለም። በ2009 ግዛቲቱ በስሙ ሕግ አወጣች፦ ኮንከሽን የተጠረጠረበት ልጅ ወዲያው ይወጣል፤ የሕክምና ባለሙያ በጽሑፍ ሳይፈቅድለት አይመለስም። በ2014 ሁሉም 50 ግዛቶች ተመሳሳይ ሕግ ነበራቸው።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን «በናትሽ» ተብያለሁ። ያውም በአማርኛ። ባዕድ አገር ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ አማርኛ እዚያ ቋንቋ ብቻ አይደለም፣ «የእኔ ወገን ነሽ» ማለት ነው። ልጁን ከቤተ ክርስቲያን አውቀዋለሁ። እናቱ ዶሮ ወጥ አብልታኛለች።

ውሃውን ተቀብዬው ወደ ዳር ስመለስ አሥር እርምጃ ያህል ነበር። በእያንዳንዷ እርምጃ ልቤ ሌላ ነገር ይል ነበር። ደርሼ ለመምህራችን እንዲህ አልኳቸው፦ «ሰባት ቁጥር ውጤቱን ረስቷል። መብራቱም ዓይኑን አስቸግሮታል።»

ዳኛውን አስቆሙ። ሰባት ቁጥር ወጣ። ሲያልፍ ያየኝን አስተያየት እስካሁን አልረሳውም።

አባቱ ከተመልካች መካከል እየሮጡ ወረዱ። እንግሊዝኛቸው አጭር ነው። አስተርጓሚ በስልክ እስኪገኝ መምህራችን እኔን አዩኝ።

«የኔ ልጅ፣ ምን ሆነ? ቆሞ ይሄድ የለ እንዴ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ጭንቅላቱን ተመትቷል።»

«ታዲያ ደሙ የታለ?»

ኮንከሽንን በአማርኛ አስረድቼ አላውቅም ነበር። «ቁስሉ ውጭ አይደለም ጋሼ፣ ውስጡ ነው የተናወጠው» አልኳቸው። አላመኑኝም፤ እኔም እሳቸውን ብሆን አላምንም። መምህራችን ልጁን መጠየቅ ጀመሩ። የት ነው ያለነው? ማን ጋር ነው የምንጫወተው? በመጨረሻም ውጤቱ ስንት ለስንት ነው?

«ዜሮ ለዜሮ» አለ ልጁ፣ እርግጠኛ ሆኖ።

አባቱ ይህቺን ያለ አስተርጓሚ ገባቻቸው። ለትንሽ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ጃኬታቸውን አውልቀው ትከሻው ላይ ጣል አደረጉለትና «ልጄ፣ ጎሉን እኮ አንተ ነህ ያገባኸው» አሉት።

ነጋሪት

ሐኪሙ ኮንከሽን መሆኑን አረጋገጡ። ወደ ጨዋታ የሚመለሰው ደረጃ በደረጃ ነው፤ መጀመሪያ ቀላል እንቅስቃሴ፣ ከዚያ ሩጫ፣ ከዚያ ያለ ንክኪ ልምምድ፣ እያለ ይሄዳል። ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ቢያንስ 24 ሰዓት ይጠበቃል፤ ምልክቱ ከተባባሰ ይቆማል። እሱ ላይ ሦስት ሳምንት ፈጀ። እስከዚያ የውድድር ዘመኑ አለቀ። የኮሌጁ ሰውዬም አልተመለሰም።

ለሁለት ወር ያህል አላናገረኝም። እናቱ ስልክ ደውላ «እግዚአብሔር ይስጥሽ» ብላኛለች፤ እሱ ግን አላለኝም። በኋላ ላይ ሲያናግረኝ ስም አውጥቶልኝ ነበር፦ «ነጋሪት»። ኮሪደር ላይ ሲያገኘኝ «ነጋሪት መጣች፣ አፋችሁን ያዙ» ይላል። ግማሹ ቀልድ ነው፣ ግማሹ አይደለም። አንድ ዕድል እንዳስመለጥኩት ያስባል፤ ምናልባትም ልክ ነው። ያ ምሽት ዛሬ ቢደገም ግን አሥሯን እርምጃ መልሼ እሄዳታለሁ።

እዚህስ?

ዘንድሮ 12ኛ ክፍልን ጨርሼ ለክረምት አዲስ አበባ መጥቻለሁ። ባለፈው ሳምንት በሰፈራችን ሜዳ፣ ጭቃው ውስጥ፣ አንድ ልጅ እግሩ ዞሮበት ወደቀ። ወዲያው አራት «ወጌሻ» ከበበው። አንዱ ሊጎትት እግሩን ያዘ።

«አትጎትቱት፣ መጀመሪያ ይቁምና አራት እርምጃ ይራመድ» አልኩ። «አንቺ ደግሞ ማነሽ?» አሉኝ፤ ልክ ናቸው። ግን ሞከረ። ሁለተኛዋ ላይ ጮኸ። ደግፈው ጤና ጣቢያ ወሰዱት፤ ከዚያም ለራጅ ወደ ሆስፒታል ተላከ። ማታ እናቱ ስትነግረን አጥንቱ ተሰንጥቋል። «ቻለው» ተብሎ ቢሆን ኖሮ በተሰነጠቀ አጥንት ሊጫወት ነበር።

ያን ቀን የረዳኝ አሜሪካ መሆኔ አልነበረም። አራት እርምጃ ለመቁጠር፣ ደረት ለመጫን፣ ባልዲ ውሃ ለማፍሰስ፣ «ስንት ለስንት ነን?» ብሎ ለመጠየቅ ብዙ ብር አይጠይቅም። ሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ላይ ኳስ ከመሰጠቱ በፊት አሥር ደቂቃ ቢማሩት የሚያልቅ ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ይሰጣል፤ ክበብ ያላችሁ ጠይቁ። ትምህርቱን እስከ ዲግሪ መግፋት የምትፈልጉ ደግሞ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒ ያስተምራል።

እስከዚያው ስልካችሁ እጃችሁ ላይ ነውና 907ን መዝግቡ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። ከቡድናችሁ መካከልም አንድ ነጋሪት ምረጡ። ጓደኛው «በናትህ አትንገር» ሲለው እያዘነም ቢሆን የሚናገር።

ስሙ ይለመዳል። እኔ ለምጄዋለሁ።